የፀሐይዋ ኖቤል ለማን ይገባ ነበር?

ዛሬ ምክር ብቻ ሳይሆን ትንሽ ቅሬታም አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1928 የኬሚስትሪ ኖቤልን የወሰደው አዶልፍ ዊንዳውስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። (ሰውዬው መጀመሪያ ሕክምና ነበር የሚማረው፣ በኋላ ወደ ኬሚስትሪ ዞረ። ሌሊት ተረኛ ስሆን አንዳንዴ እቀናበታለሁ።) የተሸለመው ስቴሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ከቫይታሚኖች ጋር ያላቸውን ዝምድና ስላጠና ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ቫይታሚን ዲ የሚለወጥ አለ። ቫይታሚን ዲ ያጣ ልጅ ደግሞ ሪኬትስ ይይዘዋል፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ የእጁ አንጓ ያብጣል፣ ጥርስ ማብቀልም መሄድም ይዘገያል።

ሽልማቱ ይገባዋል። ዛሬ የምናዝዘው ጠብታ የእሱና የመሰሎቹ ልፋት ነው። የሚቆጨኝ ኩርት ሁልድሺንስኪ ነው፣ የበርሊኑ የሕፃናት ሐኪም። በ1919 ሪኬትስ የያዛቸውን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት እንዳዳነ ጻፈ። ብልሃቱን እዩልኝ፦ የልጁን አንድ እጅ ብቻ መብራት አሞቀ፣ ራጅ ሲነሳ ያልሞቀውም እጅ እየዳነ ነው! ቆዳ ላይ የተሠራው ነገር በመላ ሰውነት ይዞራል ማለት ነው። ኖቤል ግን አላገኘም።

የእኛም አገር ጥናት አለ። በ1997 ዶ/ር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ላይ የሠሩት፣ ላንሴት ላይ የወጣ። ሳምባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ሳምባ ምች ከሌለባቸው 500 ልጆች ግን 20 ብቻ። ፀሐይ በሞላበት አገር!

እኔ ይህን ጥናት ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ኢንተርን እያለሁ አንዲት እናት የሚያስል ልጇን ይዛ መጣች። ሳምባ ምች ነው አልን፣ አንቲባዮቲክ ሰጠን፣ ተሻለው፣ ሄዱ። በወሩ ተመለሱ። ሲኒየሬ የልጁን እጅ ያዘና "ይህን አንጓ አይተኸዋል?" አለኝ። አላየሁትም። ልጁ በአራት ድርብ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር፣ እኔም ማዳመጫዬን በሥር አሾልኬ ነው ያዳመጥኩት።

"ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?" ስንላት "ኧረ በየቀኑ ዶክተር! መስኮቱ ሥር ነው የማስተኛው" አለች።

በእሷ አልፈርድም። "ፀሐይ አሙቂው" ብለን እንሸኛለን እንጂ የመስኮት መስታወት ያንን ጨረር እንደሚያስቀር ማን ነገራት? ደጅ ስታወጣው ደግሞ ጎረቤቱ "ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል" ይላታል። ሽልማት ቢኖረኝ ለዊንዳውስ ሞለኪውል ሳይሆን ለእናትየው ነገሩን እስከ መጨረሻው ለሚያስረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበር የምሰጠው።

እናም ወላጆች፦ ከመስታወት ውጭ፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ዓይኑ ከቀጥታ ፀሐይ ተከልሎ፣ ቆዳው ሳይቃጠል። ቅባት መቀባት ፀሐይን አይተካም። የእናት ጡት ወተት ለሁሉም ነገር ተመራጭ ቢሆንም ቫይታሚን ዲው ትንሽ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ሆናችሁ ደጅ ማውጣት ካልተመቻችሁ ስለ ጠብታው ሐኪም ጠይቁ፤ ለጨቅላ የሚመከረው በቀን 400 ዩኒት ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት የማይሄድ ልጅ "ሰነፍ ነው" ተብሎ አይቀመጥ።

ሲያስለው ይዛችሁት ስትመጡም፣ ሐኪሙ ልብሱን ካላስወለቀ እናንተ አውልቁለት።