የማይሸት አየር በመለኪያ ይታወቃል



ሰው አደጋን የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ በአፍንጫውም አሽትቶ ነው። ነገር ግን ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው አደጋ በወለል ሥር ሰርጎ ወደ ቤት ቢገባ በምን እናውቀዋለን? ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ታላቅ እኅቴ ከእንግሊዝ አገር የጻፈችልኝ ደብዳቤ ነው።

እኅቴ የምትኖረው በኮርንዋል አውራጃ፣ ሴንት አይቭስ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ኮርንዋል ግራናይት የሚባለው ድንጋይ የበዛበት አገር ነው። በግራናይት ውስጥ ያለው ዩራንየም ቀስ በቀስ ሲፈራርስ ራዶን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በሜዳ ላይ ከነፋስ ጋር ይበተናል፤ በቤት ውስጥ ግን በወለል ስንጥቅ ገብቶ ይጠራቀማል። በተለይም በብርድ ወራት መስኮቱ ተዘግቶ እሳት ሲነድ፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ እየወጣ የመሬቱን አየር ወደ ቤት ይስባል። ከራዶን የሚወለዱት ደቂቅ ብናኞች በሳንባ ውስጥ ተቀምጠው በጨረራቸው ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ራዶንን ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ጋር መድቦታል። በብሪታንያ በየዓመቱ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች በዚሁ ጠንቅ በሳንባ ካንሰር እንደሚሞቱ ይገመታል። ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል።

መለካቱ ግን ከባድ ሥራ አይደለም። ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ መለኪያዎች በፖስታ ይመጣሉ፤ አንዱ በሳሎን፣ ሁለተኛው በመኝታ ቤት ሦስት ወር ተቀምጠው ወደ ላኪው ይመለሳሉ። ውጤቱ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 200 ቤከሬል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቤቱ እንዲስተካከል በዚያ አገር ይመከራል።

እኅቴ ለመለካት በተነሣች ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቷ፣ «እኔ ሰባ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ምን ሆንሁ?» አሏት። ሌላው ደግሞ፣ «ተይው፤ ወሬው ከተሰማ የሁላችንም ቤት ዋጋ ይወድቃል» አላት። እርሷ ግን ለካች፤ ውጤቱም ከ200 በላይ ሆነ። ሽማግሌው ይህን ሰምተው የራሳቸውን ቤት ቢያስለኩ ከ100 በታች ተገኘ። ቤቶቹ ግን አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ናቸው!

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ሁለቱም ጎረቤቶች ተሳስተዋል። የሽማግሌው ዕድሜ ስለ ሌላው ቤት አየር ምስክር ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ለራሳቸው ቤት እንኳ ምስክር የሆነው መለኪያው እንጂ ዕድሜያቸው አይደለም። ስለ ዋጋ የተጨነቀውም ቢሆን፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአባቶቻችንን አነጋገር ቢያስብ ይሻለው ነበር። መድኃኒቱ አለና፤ ከወለሉ ሥር ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ አየሩ በቱቦና በማራገቢያ ወደ ውጭ እንዲወጣ ይደረጋል። ወጪ አለበት፤ ነገር ግን ቤት ይታደሳል፣ ሳንባ አይታደስም።

ስለዚህ እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ በጎረቤቱ ውጤት ሳይዘናጋ የራሱን ቤት ያስለካ፤ ያገኘውንም አይደብቅ እላለሁ። እኛም ተማሪዎች በሳይንስ ክፍል የምንማረው መለካት ለፈተና ብቻ የሚሆን ሳይሆን የወገንን ሕይወት የሚጠብቅ መሆኑን አንርሳ። እኅቴ ሳትለካ ብትቀር ኖሮ እስከ ዛሬም ያንኑ አየር እየተነፈሰች በደኅና ትተኛ ነበር።