የምናውቀውን አደጋ አንደብቅም

እኛ መሐንዲሶች፣ ተመራማሪዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ሶፍትዌር ሠሪዎችና የእነዚህ ሙያዎች ተማሪዎች ነን። በምንሠራው ነገር ሰው ይሳፈርበታል፣ ይታከምበታል፣ ብድር ይጠይቅበታል። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቀን እንላለን፦ የሥራችንን አደጋ ካወቅን፣ አደጋው የሚደርስበት ሰውም ማወቅ አለበት።

ይህን ያስተማረን የመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሐዘን ነው። በዚያ እሑድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ የበረራ ቁጥር 302፣ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ከሚገጥመው ነፋስ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት። በመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱ እንደተመዘገበው፣ ከመሬት እንደተነሣ የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ነበር። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን የሚሰማው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር። የተሳሳተውን አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋው።

አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ኤምካስ ምን እንደሚሠራ በአብራሪዎቹ መመሪያ አልተብራራም ነበር። የተሳሳተ ስሌት ይታረማል፤ የተደበቀውን ግን ማን ያርመዋል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

መደበቅ የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ ዘመን ጥፋት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አላባማ፣ ቱስኬጊ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ጤና አገልግሎት ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች እያከመ መስሎ ሲያጠና ኖሯል። የያዛቸውን በሽታ አልነገራቸውም። ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ከለከላቸው።

እምቢ ያሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት ለአሜሪካ ገበያ ፈቃድ ሲጠየቅለት፣ ማመልከቻውን የያዙት ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ ማስረጃው አይበቃኝም አሉ። ኩባንያው ቢወተውታቸውም ፊርማቸውን አልሰጡም። መድኃኒቱን የወሰዱ እናቶች በአውሮፓና በሌሎች አገሮች እጅና እግራቸው ያልተሟላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሲወልዱ፣ የአሜሪካ እናቶች በአብዛኛው ከዚህ ተረፉ።

ስለዚህ ይህን እንጠይቃለን፤ ይህንንም ቃል እንገባለን።

አንደኛ፦ የሰው ሕይወት የተጣለበት ማንኛውም መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ፣ መቼ እንደሚሳሳትና እንዴት እንደሚቆም ለሚያንቀሳቅሰው ሰው ይነገረው።

ሁለተኛ፦ የምርምር ፈቃድ ቅጽ በተሳታፊው ቋንቋ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። አልፈልግም ያለ ሰው ሕክምናው አይጓደልበት።

ሦስተኛ፦ ብድር የከለከለ ወይም ሥራ ፈላጊን የጣለ ፕሮግራም ምክንያቱ ይገለጽ። ሰው «ሲስተሙ ነው ያልተቀበለው» ተብሎ ከመስኮት አይመለስ። ውሳኔውን ሊሽር የሚችል፣ ስሙ የታወቀ ኃላፊ ይኑር።

አራተኛ፦ አደጋ አይቶ የተናገረ ባለሙያ ከእንጀራው አይፈናቀል። ቢፈናቀልም ብቻውን አንተወውም፤ እንመሰክርለታለን፣ ሥራ እናፈላልግለታለን።

አምስተኛ፦ የማስረከቢያ ቀን ደረሰ ተብሎ ፍተሻ አይዘለል።

ይህ ሁሉ ሥራ ያጓትታል የሚሉን አሉ። አዎ፣ ያጓትታል። ማክስ ግን ከሁለተኛው አደጋ በኋላ በዓለም ዙሪያ ታግዶ፣ በአሜሪካ ወደ በረራ እንዲመለስ የተፈቀደለት ከ20 ወራት በኋላ ነው። በጥድፊያ የተረፈው ጊዜ መልሶ ተከፈለ፤ የሞቱት ግን አይመለሱም። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ መዘግየት ይሻል ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ታሪኮች ከቀመሩ ጋር አብረው ያስተምሩ። ቀጣሪዎች አራተኛውን አንቀጽ በቅጥር ውላቸው ያስገቡት። አንተ ወጣት መሐንዲስ፣ አንቺ ወጣት ተመራማሪ፦ ነገ ፈርሙ በምትባሉበት ሰነድ ላይ የማታምኑበት ቁጥር ካለ አትፈርሙ። ምክንያታችሁን ጻፉ፣ ስማችሁንም አስፍሩ። ከሥሩ እኛም እንፈርማለን።