ያ 15 በመቶ የት ገባ?

ባለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ቆርቆሮ ልገዛ መርካቶ ሄድኩ። የእናቴ ቤት ጣሪያ ሌላ ክረምት አይችልም ነበር። ባለሱቁ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

ያለ ደረሰኝ 40 ሺህ ብር። በደረሰኝ 46 ሺህ። ልዩነቱ 6 ሺህ ብር ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያለ ደረሰኝ ገዛሁ። የዚያኑ ቀን ማታ ደግሞ ስልኬን ይዤ ስለ አገር ብድር፣ ስለ ልመና፣ ስለ ሉዓላዊነት እጽፍ ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የማንም መካሪ ሆኜ አልጻፍኩትም። እኔም ከሌቦቹ አንዱ ነበርኩ።

ወገን፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቫት ነው። «ኧረ ተወን፣ አሰልቺ ነው» እንዳትሉኝ። ስለ አገር ክብር እናወራለን የምንል ከሆነ ክብር የሚቆመው በገንዘብ ላይ ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ በየቀኑ በእኛ እጅ ነው የሚያልፈው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ታውጆ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ ነው የገባው። ምጣኔው ያኔም 15 በመቶ ነበር፣ በ2016 ዓ.ም. አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1341 ሲወጣም 15 በመቶ ሆኖ ቀረ። ታዲያ ምጣኔው ሳይቀየር ገቢው ምን ሆነ?

እዚህ ጋ ልብ በሉ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ «ከፍተኛ ገቢ ተሰበሰበ» የሚል ዜና እንሰማለን። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ቫትን ጨምሮ ገቢዎች ሚኒስቴር የሰበሰበው ጠቅላላ ገቢ በ2015 በጀት ዓመት 442 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። በ2016 ደግሞ 512 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ። 70 ቢሊዮን ብር ጨመረ ማለት ነው፣ ወደ 16 በመቶ። አጨበጨብን።

ግን በዚያው ዓመት የዋጋ ግሽበቱ ከ16 በመቶ በላይ ነበር። እናንተ በጤፍና በዘይት ያያችሁትን መንግሥትም በሲሚንቶና በመድኃኒት ያየዋል። ብሩ በቁጥር በዛ፣ የሚገዛው ነገር ግን አነሰ። ደሞዙ በሺህ ብር የተጨመረለት ሰው የቤት ኪራዩ በሁለት ሺህ ሲጨምርበት «አደግሁ» ይላል? አይልም።

ስለዚህ የአገር ገቢ በብር ብዛት ብቻ አይለካም። ትክክለኛው ጥያቄ «ኢኮኖሚው ካመረተው ከእያንዳንዱ 100 ብር ስንቱ ታክስ ሆኖ ገባ?» የሚለው ነው። መልሱ ያማል። የዛሬ 10 ዓመት ገደማ ከ12 ብር በላይ ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 7 ብር አካባቢ ወርዷል። የአፍሪካ አማካይ ወደ 16 ይጠጋል። ሕንፃው በዛ፣ ካፌው በዛ፣ ሞሉ በዛ፣ የመንግሥት ድርሻ ግን በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም።

ለምን? ሁሉንም በነጋዴ ላይ መጫን ቀላል ነው፣ ግን ፍትሕ አይደለም። ጦርነቱ አለ፣ ታክስ ሰብሳቢ የማይደርስበት ወረዳ በዛ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ፣ ዕቃ በበቂ ካልገባ ደግሞ በጉምሩክ በር የሚሰበሰበው ቫት የለም። ለዚህና ለዚያ የሚሰጠው ከታክስ ነፃ መብት አለ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ግን ያቺ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የምትል ጥያቄ አለች።

«ቆይ፣ በ2017 ገቢው በጣም ጨምሮ የለ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በብር ዘልሏል። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምን እንደተደረገ አስታውሱ። ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። እስቲ አብረን እናስላ። የ1,000 ዶላር ዕቃ ከውጭ ሲገባ በ57 ብር ሒሳብ 57 ሺህ ብር ነበር፣ ሌላውን ቀረጥ ትተን ቫቱ 8,550 ብር ይሆናል። ያው ዕቃ በ120 ብር ሒሳብ 120 ሺህ ብር ነው፣ ቫቱ 18 ሺህ ብር። አንድም ተጨማሪ ዕቃ አልገባም፣ አንድም አዲስ ፋብሪካ አልተከፈተም። ቫቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያንን የከፈለው ማነው? አስመጪው እንዳይመስላችሁ። መጨረሻ ላይ ስልክ የገዛችሁት፣ ለመኪና መለዋወጫ የገዛችሁት እናንተ ናችሁ።

የቫት ሚስጥሩ ይህ ነው። ነጋዴው ሰብሳቢ ነው፣ ከፋዩ እኛ ነን። ካፌ ገብታችሁ ከነቫቱ 460 ብር ስትከፍሉ 400ው የቤቱ ነው፣ 60ው የሕዝብ ነው። ለካፌው አደራ ነው የሰጣችሁት። አስተናጋጁ በትንሽ ትሪ ያመጣላችሁ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ደረሰኝ አይደለም፣ «ቢል» ነው። ቫት ብሎ ይጽፍበታል፣ ከካሽ ሬጂስተር ማሽን ግን አልወጣም። ያ 60 ብር መንግሥት ጋ አይደርስም። እናንተ ከፍላችኋል፣ አገር አላገኘችም። ይህ ከመርካቶው የእኔ ጉድ ይብሳል፣ እዚያ ቢያንስ 6 ሺሁ ኪሴ ውስጥ ቀርቷል።

የሚሸጥ ደረሰኝም አለ። ዕቃ ሳይሸጡ ሳይገዙ ወረቀቱን ብቻ የሚቸበችቡ አሉ። ገዢው በዚያ ሐሰተኛ ደረሰኝ «ለግዢ ቫት ከፍያለሁ» ብሎ ከሚያስገባው ላይ ይቀንሳል። እኛ ለቤቱ ያስረከብነው አደራ በወረቀት ተበላ ማለት ነው።

አሁን የነጋዴውንም እንስማ፣ ፍርድ ካለበት ፍርዱ ይስተካከል። ትንሹ ባለሱቅ ምን ይላል? «ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ አይሰጠኝም። እኔ ብቻ ደረሰኝ ብቆርጥ ሙሉው 15 በመቶ ከኪሴ ነው የሚወጣው። ጎረቤቴ ያለ ደረሰኝ ይሸጣል፣ ደንበኛዬ ወደሱ ይሄዳል።» እውነት አለው። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ላይ ነው እንጂ ታች አይደለም። ትልቁን አስመጪና አከፋፋይ ሳይነኩ ታች ያለችውን ሱቅ ማሸግ ችግሩን አይፈታም።

ለመንግሥትም የምንለው አለን። የሚሰወረውን ከማስገባት ይልቅ የሚከፍለው ላይ መደራረብ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በአዲሱ አዋጅ መብራትና ውሃ ከተወሰነ ፍጆታ በላይ ቫት ገባባቸው። የንብረት ታክስ መጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። በእጅ ያለው 15 በመቶ እየፈሰሰ አዲስ ታክስ መፈለግ ሕጋዊውን ሰው ማስመረር ነው። ደግሞስ፣ ከቫት ብቻ ስንት ተሰበሰበ? ስንቱ ከጉምሩክ፣ ስንቱ ከአገር ውስጥ ሽያጭ? ከግሽበቱ ጋር ሲነጻጸር ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ይህ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ተለይቶ ይነገር። አደራ የሰጠ ሰው ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ታኅሣሥ 2016 ላይ አገራችን የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች፣ ዓለም ሁሉ ዘገበው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በተለቀቀበት ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ምን ነበር? «የታክስ ገቢያችሁን አሳድጉ» የሚል። እኛ በራሳችን ልናደርገው የሚገባንን ሌላ ሰው አዘዘን። የራሱን ቤት በራሱ ገንዘብ የማያስተዳድር ሰው የቤቱን ሕግ አበዳሪው ይጽፍለታል። ሕዳሴ ግድቡን በደሞዛችንና በቦንዳችን የሠራነው ይህን ስለምናውቅ አልነበረም?

ስለዚህ ሦስት ነገር፦

1. ደረሰኝ ጠይቁ። ቢል አይደለም፣ ደረሰኝ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የማሽኑን ቁጥር እዩ። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ኪውአር ኮዱን ፈልጉ።

2. «ያለ ቫት ይሻልሃል» ሲሏችሁ የሚቀነሰው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አስቡ። ከሆስፒታሉ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ነው፣ ነገ እኛው ከምንከፍለው ብድር ነው።

3. ደረሰኝ የጠየቀ ሁሉ ሒሳብም ይጠይቅ። ከፍለን ዝም ማለትም ሳይከፍሉ መጮህም አገር አያቆምም።

እኔ በዚህ ዓመት የቤቱን በር ላሠራ ወደዚያው ሰፈር ተመልሼ ሄጄ ነበር። ያው ጥያቄ መጣ። «በደረሰኝ» አልኩ። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳቀ፣ «አንተ ደግሞ፣ የመንግሥት ሰው ነህ እንዴ?» አለኝ።

«አይደለሁም» አልኩት። «ከፋዩ ነኝ።»

ተነጫነጨ፣ ግን ቆረጠልኝ። ደረሰኙ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እናንተስ ዛሬ ስንት ደረሰኝ ተቀበላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ለጓደኞቻችሁም አጋሩ።