የጎረቤታችን ደረሰኝ



ዛሬ የምናነሣው ነገር ሲታይ ከመንፈሳዊ ሕይወት የራቀ ይመስላል፤ ስለ ስፒከር ዋጋ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለቤት ውስጥ ሙዚቃ ተብለው የሚሠሩ፣ ጥንዱ በሺዎች፣ አንዳንዴም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ስፒከሮች አሉ። የሚገዟቸው ሁሉ ባለጠጎች አይደሉም። ለዓመታት ቆጥበው፣ ከሱቅ ሱቅ ዞረው፣ የሚወዱትን ዜማ በእያንዳንዱ ላይ ደጋግመው አዳምጠው የሚወስኑ ብዙ ናቸው። ከዚያ አንድ ቀን አምራቹ አዲስ ሞዴል ሊያወጣ ሲል የቀድሞውን ዋጋ ይቀንሳል። ባለፈው ወር በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ያንኑ ዕቃ በርካሽ ሲሸጥ ያያል።

ያን ጊዜ ባለቤቶቹ የሚሉት ብዙ ነው። አንዱ “ተታለልኩ” ይላል። ሌላው የራሱን ሸጦ የተሻለ ሊገዛ አስቦ ነበርና ስሌቱ ይፈርስበታል፤ አዲሱ ከረከሰ ያገለገለውን ማን በደህና ዋጋ ይገዛዋል? ሦስተኛው ደግሞ “እኔ እስከ ዛሬ ሰምቼበታለሁ” ብሎ ወደ ሙዚቃው ይመለሳል።

ነገሩ በውድ ስፒከሮች ብቻ የሚታይ አይደለም። አፕል ሆምፖድ የተባለውን የቤት ስፒከር እ.ኤ.አ. በ2018 በ349 ዶላር መሸጥ ጀምሮ በ2019 ወደ 299 አወረደው። ከዚያ በፊት በ2007 የመጀመሪያውን አይፎን በ599 ዶላር አውጥቶ ነበር፤ ገና ሦስት ወር ሳይሞላ 399 አደረገው። ቀድመው የገዙት ተቆጡ። የኩባንያው መሪ ስቲቭ ጆብስ በማግስቱ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀድመው ለገዙትም በኩባንያው መደብር ዕቃ የሚገዙበት 100 ዶላር እንደሚሰጣቸው አስታወቀ።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን። ቅሬታ ሁሉ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር የሐሰት ሚዛንን እንደሚጸየፍ መጽሐፈ ምሳሌ ይነግረናል። ዋጋው ነገ እንደሚወድቅ እያወቀ ዛሬ ደንበኛውን የሚያጣድፍ ነጋዴ ሊጠየቅ ይገባዋል። የደከሙበት ገንዘብ መቅለጡ የሚያሳዝነውንም ሰው “ዓለማዊ ነህ” ብለን አንወቅሰውም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ዜናው በተሰማበት ምሽት በዚያ ሳሎን ውስጥ ምን ተለወጠ? እንጨቱ ያው ነው፤ ሽቦው ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው። ትናንት ልቡን የነካው ዜማ ዛሬም እንደዚያው ይወጣል። ሰውዬው ግን አይሰማውም። ከእጁ የተወሰደ ዕቃ የለም፤ የተለወጠው የጎረቤቱ ደረሰኝ ነው። እንግዲህ ደስታው ያረፈው በሙዚቃው ላይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። “እኔ የከፈልኩትን ሌላው ሳይከፍል አያገኝም” በሚለው ሐሳብ ላይም አርፎ ነበር።

ጌታችን ይህን ሰው ያውቀዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ታላቁ ወንድም ከእርሻ ሲመለስ በመጀመሪያ የደረሰው ከቤቱ የሚወጣ የሙዚቃ ድምፅ ነው። ገብቶ አብሮ ደስ እንደ መሰኘት ከደጅ ቆሞ ሒሳብ ማስላት ጀመረ። ስንት ዓመት እንዳገለገለ ቆጠረ፤ አንድ ጠቦት እንኳ እንዳልተሰጠው ቆጠረ፤ ወንድሙ ስንት እንዳባከነም ቆጠረ። ስሌቱ አልተሳሳተም ይሆናል። ግን ሙዚቃው የሚሰማው በራሱ አባት ቤት ነበር፤ እርሱ ደግሞ ውጭ ቀረ።

ወገኖች፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ይህ ይታያል። ዋጋ የከፈሉ አባቶችና እናቶች አሉን። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ መሪዎቿም ታሰሩ። ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እያመለኩ እነዚያን ዓመታት አሳለፉ። ዛሬ አንድ ወጣት ትልቅ ስፒከር በተተከለበት አዳራሽ ገብቶ፣ እጁን አንሥቶ፣ ጌታን ተቀብሎ ይወጣል። የሚያስረው የለም፤ ከትምህርት ቤት የሚያባርረውም የለም።

በዚህ ጊዜ ከአፋችን የሚወጣውን እንመርምር። “የዛሬ ልጆች ምን ከፍለው?” እንላለን። ከእስር ቤት ወጥቶ የመጣ ወንድም በዓመቱ ቆሞ ሲመሰክር “ገና ትናንት መጥቶ!” ብለን እንንሾካሾካለን። አዲስ አማኝ መማርና መብሰል አለበት፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚያንገበግበን የእርሱ አለመብሰል አይደለም። እኛ በውድ ያገኘነውን እርሱ በነጻ ማግኘቱ ነው።

ሁለት ነገር እንዳንዘነጋ። አንደኛ፣ የአባቶቻችን መከራ ለልጆች የሚቀርብ ሒሳብ አይደለም። ዘር ነው። ያቺ የተዘጋች ቤተ ክርስቲያን ከዓመታት በኋላ በይፋ ስትወጣ የምእመናኗ ቁጥር ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዚያ በዝግታ በተዘመረው መዝሙር የተዘራውን ነው ዛሬ በአዳራሹ የምናየው። ገበሬ አዝመራው በዛ ብሎ አያዝንም።

ሁለተኛ፣ ጸጋ የዋጋ ቅናሽ አይደለም። ነጋዴ ዋጋ የሚቀንሰው ዕቃው አልሸጥ ሲለው ወይም አዲስ ሲተካበት ነው። የመዳናችን ዋጋ ግን አንዲት ሳንቲም አልተቀነሰም፤ ሙሉው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። በመጨረሻዋ ሰዓት ያመነው ወንበዴም ሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገለገለው ሽማግሌ የገቡት በዚያው በአንዱ ክፍያ ነው። እኛ በእስርና በስደት የከፈልነው መዳናችንን የገዛንበት አልነበረም፤ ለወደደን የሰጠነው ፍቅር ነው። ፍቅር ደግሞ ሌላው ስንት ሰጠ ብሎ ደረሰኝ አያይም።

ስለዚህ ለአዲሱ ወንድማችን ከአጠገባችን ቦታ እንልቀቅለት። የከፈልነውንም እንንገረው፤ ግን ዕዳ እንዳለበት እንዲሰማው አይሁን፤ ጌታ በዚያ ጨለማ እንዴት ታማኝ እንደነበረ እንዲያውቅ ይሁን።

በምሳሌው አባትየው ታላቁን ልጅ ከደጅ ጥሎት አልተቀመጠም። ወጥቶ ለመነው፤ ያለው ሁሉ የእርሱም እንደሆነ ነገረው። ልጁ ይግባ አይግባ ግን ጌታችን ሳይነግረን አቆመ። መልሱ የእኛ ነው። ሙዚቃው አሁንም ይሰማል፤ በሩም ክፍት ነው። ጌታ ከደጅ ከመቅረት ይጠብቀን።

አሜን።