የአቋም መግለጫ፦ በመኪና ውስጥ ብረት የሚቆይበትና ፕላስቲክ የሚገባበት ቦታ ይለይ

እኛ በአርብ ገበያ የምንሠራ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ባትላሜራዎችና የተሽከርካሪ ባለንብረቶች በማኅበራችን ስም ይህን አቋም አውጥተናል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገዶች የሚመላለሰው ሕዝብ በብዛት የሚሳፈረው በሚኒባስና በቅጥቅጥ ነው። ቅጥቅጡ ቦዲው እዚሁ አገር በአይሱዙ ሻሲ ላይ የተሠራ ነውና ወንበሩ ቱቦላሬ፣ መያዣው ቧንቧ፣ ጠርዙ ላሜራ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ድንገት ሲረግጥ ተሳፋሪው ግንባሩንና ጉልበቱን የሚመታው ይኸው ብረት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 21 ጭንቅላት ሊያርፍባቸው የሚችሉ የመኪና ውስጥ ክፍሎች ስለት እንዳይኖራቸውና ምቱን እንዲያለዝቡ ያዛል። ደንቡ የወጣው ለቤት መኪና ነው፤ የቅጥቅጥ ተሳፋሪ ጭንቅላት ግን ከዚያኛው የሚጠነክርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የወንበር ጀርባ፣ የእጅ መያዣና የዳሽቦርድ ፊት በስፖንጅና በቴርሞፕላስቲክ እንዲሸፈን እንጠይቃለን። የተገኘው ፕላስቲክ ሁሉ ይለጠፍ አላልንም፤ ተራ ፖሊፕሮፒሊን እሳት ሲይዘው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ለሕዝብ ማመላለሻ የሚገባው እሳት መከላከያ የተጨመረበት ብቻ ነው።

ተሳፋሪውን አጥብቆ የሚይዘው ግን ብረት ሆኖ ይቀጥል፦ የቀበቶው ምላስ፣ መልሕቁ፣ ብሎኑ፣ የወንበሩ እግር።

ፋብሪካዎች የኤርባግ መያዣንና የፍሬን ፔዳልን ሳይቀር የመስታወት ጭረት (ፋይበር) በተቀላቀለበት ናይለን መሥራት ጀምረዋል። 30 በመቶ ጭረት ያለው ናይለን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.36 ግራም ያህል ሲመዝን ብረት 7.8 ይመዝናል። ይህን አንቃወምም። የምንቃወመው በየጋራዡ፣ በእኛም ጭምር፣ የሚደረገውን ነው። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ሲሰበር በካውያ ይበየዳል። ላዩ ይያያዛል፤ ጭረቶቹ ግን ስፌቱን አይሻገሩም፤ ዕቃው የቀድሞ ጉልበቱን አያገኝም። ዕቃው ላይ «PA6-GF30» የሚል ጽሑፍ ካለ ከዚህ ወገን ነው። የኤርባግ ክዳንም ጀርባው ላይ ሆን ተብሎ የሳሳ መስመር አለው፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ በዚያ ተቀዶ ይከፈታል። ስንጥቁን በማጣበቂያ የሞላ ወይም ከሥሩ ላሜራ የደገፈ ባለሙያ ሾፌሩ ፊት ጥይት አስቀምጧል።

ፀሐይም አለች። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪናዎች ለጥገና የተጠሩት ታካታ በሠራቸው የቀበቶ መቆለፊያዎች ምክንያት ነበር። ቀበቶውን ለመፍታት የሚጫኑት ፕላስቲክ (መጫኛው) ፀሐይ እየበላው ተሰነጣጠቀ፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ገብቶ መቆለፊያውን አወከ። ብረቱ ምንም አልሆነም ነበር። አሮጌ መኪና ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ በሚቆምበት አገራችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ እያንዳንዱ ቀበቶ ተቆልፎና ተፈትቶ እንዲታይ፣ መጫኛው የተሰነጠቀም እንዲቀየር ያድርጉ። ቦዲ ሠሪዎች የወንበር ጀርባ ሳይሸፍኑ መኪና አያስረክቡ። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያመጡልን ነጋዴዎች ጽሑፉ የተፋቀ የደህንነት ዕቃ አያምጡ።

የማኅበራችን አባላት ከዛሬ ጀምሮ የቀበቶ መቆለፊያና የኤርባግ ክዳን አይበይዱም፣ አያጣብቁም። ምትክ እስኪገኝ ባለንብረቱ መቆለፊያው የተበላሸበትን የተሳፋሪ ወንበር ሰው ሳያስቀምጥበት ይንዳ፤ ገቢ እንደሚያስቀር እናውቃለን፣ ባለንብረቶቹም እኛው ነን።