የበግ ዋጋ ጨመረ ማለት ፕሮጀክቱ ውጤታማ ሆነ ማለት ነውን?

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች የእሴት ሰንሰለት ፕሮጀክት ሲጀመርና ሲጠናቀቅ መጠይቅ የያዘ ባለሙያ ከአርሶ አደሩ ደጅ ይደርሳል፤ "ስንት በግ ሸጡ? በስንት ብር?" ሲልም ይጠይቃል። ፕሮጀክቱ ይስፋፋ ወይስ ይቁም የሚለው ውሳኔ በአመዛኙ በእነዚህ መልሶች ላይ ይመሠረታል።

ለአብነት የመንዝን በግ እንውሰድ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በተሳተፈበት በዚህ ሥራ አርሶ አደሮች ከራሳቸው መንጋ የተሻሉ አውራ በጎችን መርጠው በጋራ ይጠቀማሉ። የግልገሉን ክብደት ሚዛን ይናገራል፤ የቤተሰቡ ገቢ ግን የሚገኘው በአብዛኛው ከሰው ትውስታ ነው።

ቀዳሚው ፈተና ወቅት ነው። የበግ ገበያ የሚደራው በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ነው። የመነሻው ጥናት በሐምሌ፣ የማጠቃለያው ደግሞ በጥር ቢካሄድ፣ የበዓሉ ገበያ ያመጣው ልዩነት የፕሮጀክቱ ፍሬ መስሎ ይታያል። የዋጋ ንረቱም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ በ2014 ዓ.ም. የዞኑን አንዳንድ ወረዳዎች ያዳረሰው ጦርነት በርካታ ቤተሰቦችን ከብት አልባ አድርጓል፤ ይህ ኪሳራ የፕሮጀክቱ ድክመት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

መፍትሔው ፕሮጀክቱ ያልደረሰባቸውን ተመሳሳይ ቀበሌዎች በዚያው ወር መጠየቅ ነው። ይሁንና ጥሩ አውራ በግ የቀበሌ ወሰን አያግደውም፤ ጎረቤት ይዋሰዋል። ስለዚህ ማነጻጸሪያው ከቅርብ ጎረቤት ራቅ ያለ መሆን አለበት። የመንዝን የገብስና የበግ ደጋ ከመርሐቤቴ የማሽላና የፍየል ቆላ ጋር ማነጻጸርም አያስኬድም።

መላሹ ማን ነው የሚለውም ክብደት አለው። አባወራው ብቻ ከተጠየቀ፣ ሱፍ የምትፈትለውና እንቁላል ሸጣ ጓዳውን የምትደጉመው እማወራ ገቢ ከመዝገብ ይወጣል። በሴፍቲኔት በታቀፉ ወረዳዎች ደግሞ "ብዙ በግ አለኝ" ማለት ከድጋፍ ያስወጣኛል ብሎ የሚሰጋ አርሶ አደር ቁጥሩን ሊያሳንስ ይችላል።

ጥራት ያለው ጥናት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ተጀምሮ እስከ 2009 የዘለቀው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰብ ጥናት፣ በሰሜን ሸዋ ዲንኪንና የደብረ ብርሃን ዙሪያ መንደሮችን ጨምሮ፣ ወደ ተመሳሳይ ቤተሰቦች ደጋግሞ ተመልሷል።

እንግዲህ የፕሮጀክት ሪፖርት ሲቀርብ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይገባቸዋል፦ በየትኛው ወር ተጠየቀ? ማን መለሰ? ከማን ጋር ተነጻጸረ? መልስ ከሌለ በቁጥሩ ላይ ተመሥርቶ በጀት መመደብም ሆነ መንፈግ አርሶ አደሩን ይጎዳል።