ግማሽ ሜትር ጨርቅና አንድ ላስቲክ

ለሰባት ዓመት ልጅ የምትሆን ጉርድ ቀሚስ ስንት ጨርቅ ትፈጃለች? የጨርቁ ወርድ 1.5 ሜትር ከሆነ ግማሽ ሜትር ይበቃታል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ለቁመት፣ 4 ለላስቲክ ማስገቢያ፣ የተረፈው ለታች ቅምቅማት። አንድ ጎኗ ይገጠማል፣ ወገቧ ታጥፎ ላስቲክ ይገባበታል፣ አለቀ። ዚፕ የላት፣ ቁልፍ የላት፣ እጅጌ የላት።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ልብስ ለሚገዛ ቤተሰብ እንዲህ ያለው ስሌት ቀልድ አይደለም። እርግጥ ጨርቁም ክሩም አብሮ ተወዷል።

ታዲያ ሁሉንም ልብስ ቤት ውስጥ መስፋት ያዋጣል? አያዋጣም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንመልከት። በእንዲህ ያለ ፋብሪካ አንዷ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ስትገጥም ትውላለች። አንድ ሸሚዝ ብዙ እጅ አልፎ ያልቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ ነበር። የፋብሪካ ልብስ የሚረክሰው በፍጥነቱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባል። ያም ሆኖ ሸሚዝ፣ ጂንስና ኮት ለፋብሪካና ለባለሙያ ቢተው ይሻላል። ቲሸርትም እንደዚያው፤ የሚለጠጥ ጨርቅ ጀማሪን ያንገላታል።

የሚያዋጣው ፋብሪካ የማያውቀው ነገር ላይ ነው፦ የልጁ ቁመት። ዩኒፎርም ሲሰፋ ከታች 6 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ታጥፎ ቢቀመጥ በሚቀጥለው መስከረም ይተረተርና ይረዝማል። የቤት ቀሚስ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃና ፒጃማ ሱሪም እዚሁ ይመደባሉ። ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ አለበለዚያ ሰፊዋ የለካችውን አጣቢዋ ታሳጥረዋለች።

ቅዱን ከየት ማምጣት ይቻላል? አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር ባተሪክ በ1863 እ.ኤ.አ. በየልኩ የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ መሸጥ ጀምሮ ሀብታም ሆነበት። ጀርመናዊቷ ኤነ ቡርዳ ደግሞ በ1950 እ.ኤ.አ. በጀመረችው የፋሽን መጽሔት ቅድ እያወጣች ሴቶች ቤታቸው እንዲሰፉ አደረገች። እዚህ ግን ልኩ የተስማማ አሮጌ ቀሚስና አሮጌ ጋዜጣ ይበቃሉ። ቀሚሱ ጋዜጣው ላይ ተዘርግቶ ዙሪያው በእርሳስ ይሰመራል፤ ለስፌት 1.5 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ ይቆረጣል። ይህ ዓምድም ከተነበበ በኋላ ለዚሁ ቢውል ቅር የሚሰኝ የለም።

ትልቁ ወጪ መኪናው ነው። ሲንጀር በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. የስፌት መኪና በየወሩ በሚከፈል ዋጋ መሸጥ የጀመረው ቤተሰቦች ባንዴ መክፈል ስላቃታቸው ነበር። ለአንዲት ጉርድ ቀሚስ ብሎ መኪና የሚገዛ ሰው ቆጠበ አይባልም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ልብሶች በእጅ መስፋት፣ ወይም ቆርጦና በመርፌ ይዞ ረጅሙን ስፌት በረንዳ ላይ ለተቀመጠው ልብስ ሰፊ መስጠት ያዋጣል። ፍላጎቱ ካልቀዘቀዘ ያኔ እቁብ ይገባል። ምርጫው ላይ ከተደረሰ ግን በእግር የሚረገጠው መኪና ይቅደም፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ አይገደውም።